ውሃው የማያልፈው ትልም

ባሌ የወደቀው አራተኛው ትልም ላይ ነው። ሽንኩርት ሲያጠጣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አካፋውን እንደያዘ። ደረቱን ያዘ፣ ቁጭ አለ፣ ጋደም አለ፤ በቃ። የውሃ መሳቢያው ሞተር ግን ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሲጮኽ ዋለ፤ ማን ልብ ብሎ ያጥፋው።

እስከ አርባው ጎረቤት በየተራ የራሱን ሞተር እየጎተተ አጠጣልኝ። የማንኩሳ ሰው በዚህ አይታማም። አርባው ሲወጣ ሁሉም ወደ ማሳው ዞረ፤ አልፈርድም፣ ለሁሉም የራሱ አለበት። ያቺ ሽንኩርት ከደረቀች ግን የልጆቼ የዓመት ቀለብ አብሮ ደረቀ። ስለዚህ አበልጄን ከቡሬ አስጠራሁ፤ የትልቁ ልጃችን ክርስትና አባት ናቸው፣ ሞተር በመጠገን የሚያድሩ።

ሞተሩ ቆሞ ስለከረመ ካርቡሬተሩን ዝቃጭ ደፍኖታል። ፈትተው፣ አጥበው ገጠሙት፤ ቤንዚን ሞልተው ገመዱን ሲስቡት በሁለተኛው ተነሣ። ውሃው አንደኛውን ትልም ሞላ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ፣ ልክ እሱ የወደቀበት ጋ ሲቃረብ፣ ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አደረገውና ጠፋ።

ሞተር ነው፣ ይጠፋል አልን። አበልጄ ቤንዚኑን ለማየት የታንከሩን ክዳን ሲከፍቱ ከውስጥ ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ደንግጦ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ የሚያሰማው ዓይነት። እኔም ሰማሁ፣ እሳቸውም ሰሙ። ያን ቀን ደግመው አልሳቡትም፤ ካርቡሬተሩን እንደገና ፈትተው አመሹበት።

በማግስቱ ታንከሩን ሞልተን ከመጀመሪያው ትልም ጀመርን። እዚያችው ቦታ ሲደርስ ጠፋ። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ተቀየረ፤ በሦስተኛውም ቀን እዚያችው። ክዳኑ ሲከፈት ያው ትንፋሽ። አበልጄ አማተቡ። «ቄስ ይምጡና ጠበል ይርጩበት፤ ከእንግዲህ እኔ አልነካውም» አሉ።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ አልፈራሁም። ደስ አለኝ። ሽንኩርቴ ዓይኔ እያየ ትጠወልጋለች፣ እኔ በሆዴ «አለህ እንዴ?» እያልሁ አወራዋለሁ። የሞኝ ነገር።

ክዳኑን ከእጃቸው ተቀብዬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ የእሱ እጅ የዋለበት ነውና። አቧራው ሲነሣ ከሥሩ ሰም ብቅ አለ።

«ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» አሉ አበልጄ።

«ከእኔ» አልኋቸው።

በአርባው ዕለት ሰው ድግሱ ላይ ሳለ ብቻዬን ወደ ማሳው ወርጄ፣ ጠብታ ቤንዚን በሌለው ሞተር ላይ ጧፍ አብርቼ ነበር። ባሌ ዕድሜውን ከዚያ ሞተር ጋር ነው የጨረሰ፤ መቃብሩ ላይ ብቻ ማብራቱ አነሰብኝ። ጧፉ ቀልጦ ያለቀው ክዳኑ ላይ ነው።

አበልጄ ግንባራቸውን መቱ። ክዳኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል መተንፈሻ አለች ለካ፤ አየር በሷ ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይወርድም። ያ ትንፋሽ የታፈነው ታንከር አየር ሲስብ ነው። ሁልጊዜ እኩል ስለምንሞላው፣ እኩል ሄዶ እኩል ይታፈናል። «እኔም ካርቡሬተሩ ላይ ሙጥኝ ብዬ!» አሉ አፍረው። «ይስጡኝ፣ ልክፈተው።»

«የደፈንሁት እኔ፣ የምከፍተውም እኔ» ብዬ ሰሙን በእሾህ ፈልፍዬ አወጣሁት። እጄ እምቢ እያለኝ ነው ያወጣሁት። አበልጄ ገመዱን ሳቡት።

ተነሣ። እኔ አራተኛው ትልም ላይ ሄጄ ቆምሁ። ውሃው መጣ፤ እሱ የተጋደመባትን ቦታ እንደ ማንኛውም መሬት አረጠባትና አለፈ። ሞተሩ ሳል እንኳ አላለ። አበልጄ ከወዲያ ሆነው «እሰይ፣ እሰይ» ይላሉ፤ ሽንኩርቴ ዳነች። እኔ ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ በቀብሩ ዕለት እንኳ ያላለቀስሁትን አለቀስሁ።