ብርቄና ተራ አስከባሪው ሳጥን

ብርቄ የጅጅጋን ሰው ከመልኩ ይልቅ በድምፁ ታውቃለች። ገበያ መሃል አንድ ሰው ሰላም ሲላት ፊቱን አይታ ታመነታለች፤ ሁለተኛ ቃል ሲጨምር ግን «እንዴ! ሐረር ለወንድምዎ የሚደውሉት!» ብላ እጁን በሁለት እጇ ትጨብጣለች። የስልክ ኦፕሬተር ናት። ድሬዳዋ ከባቡር ሠራተኛ ቤት ተወልዳ፣ ሥልጠናዋን እንደጨረሰች በ1972 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትመደብ እናቷ ጦር ሜዳ የምትሄድ ይመስል አልቅሰው ሸኟት። የካራማራው ውጊያ ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር አይፈረድባቸውም። ብርቄ ግን ከነፋሱ በቀር የምታማርርበት ነገር አላገኘችም፤ ነፋሱንም ቢሆን ፀጉሯን በሻሽ ማሰር ከለመደች በኋላ ይቅር አለችው።

ባሏን አምሀን ያገኘችው እዚያው ስልክ ቤት ነው። ከደሴ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ለእናቱ ሊደውል ይመጣና መስመር እስኪገኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በአሥሩም ጣቶቹ ጉልበቱን ይመታል።

«ጉልበትህ ምን አደረገህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ኦርጋን እየተለማመድኩ ነው።»

እውነቱን ነበር። አምሀ ኦርጋን ይዞ የማይገኝበት ሠርግ አልነበረም፤ የመምህር ሠርግ ሆነ የነጋዴ፣ የክርስቲያን ሆነ የሙስሊም፣ ይጠራል። ቀኝ እጁ ዜማውን ይጫወታል፤ ግራ እጁ ደግሞ ከሥር ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ እየደጋገመ ይረግጣል። ዜማው የሚቆመው ቤዙ ላይ ነው። ሰው ሲጨፍር ጆሮው ቀኙን፣ እግሩ ግራውን ይሰማል። ሌላ ተጫዋች ስላልነበረ ባንዱ እሱ ራሱ ነበር።

በ1975 ክረምት አምሀ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ካራማራ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። የአምሀ ግራ እጅ ግን ተጨፍልቆ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉ። ጠመኔ የሚይዘው በቀኙ ስለሆነ ማስተማሩን ቀጠለ። ኦርጋኑን ግን በአንሶላ ሸፍኖ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስገባው።

«በቀኝህ ብቻ ተጫወታ» ትለዋለች ብርቄ።

«መሬት የሌለው ካርታ ነው የሚሆነው።»

«እኔ ደስ ይለኛል።»

«አንቺ ሚስቴ ነሽ፤ አትቆጠሪም።»

በ1977 ዓ.ም. አምሀ አንድ የድሬዳዋ ሰው ኦርጋን እንደሚፈልግ ሰማና ሊሸጥለት ተስማማ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የጨርቅ ነጋዴዋ ሆዶ ልጃቸውን ሊድሩ ተነሡ። ሆዶ ማለት በጅጅጋ ሠርግ ሁሉ የሴቶቹን ጭብጨባ የሚመሩ ሴት ናቸው፤ እሳቸው እጃቸውን ሳያነሡ ዳንቶ የሚባለው የሶማሌ ጭፈራ አይጀመርም። አምሀን «መዓሊን» ይሉታል፣ በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው።

«ልጄን ያለ መዓሊን ሙዚቃ አልድርም» አሏት ብርቄን።

ብርቄም ባሏን «ኦርጋኑ ከዚህ ሠርግ በፊት አይሸጥም» አለችው። እንዴት አድርጎ እንደሚጫወት አታውቅም። የምታውቀው ኦርጋኑ አንዴ ከቤት ከወጣ አምሀ ዳግም ሙዚቃ እንደማይነካ ነው።

ሳጥኑ የመጣው እንዲህ እያለች ስትብሰለሰል ነው። ዐብዲኑር የሚባል ነጋዴ በየቀኑ ድሬዳዋ ይደውላል፤ ዕቃው ከጅቡቲ በባቡር እስከ ሽንሌ፣ ከሽንሌ ደግሞ እሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ይመጣል። አንድ ጠዋት በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ስልክ ቤቱ መስኮት ላይ አሳረፈ።

«እህቴ፣ ራዲዮ ነው ብለው ሸጡልኝ። መብራቱ ይሯሯጣል፣ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ወላሂ እንደተቆጣች ሚስት ነው።»

«የማታውቀውን ዕቃ ለምን ትገዛለህ?»

«ሰውየው የሆቴል ባንድ ነበረው፣ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው። አሳዘነኝ።»

«አንተ? አዘንክ?»

«እሺ፣ ርካሽም ነበር።»

ብርቄ ጆንያውን ስትገልጥ ሁለት ዕቃ አገኘች፤ ባለ መብራት ሳጥንና አንዲት ክንድ የማታህል ኦርጋን። ሁለቱም ጀርባቸው በቀዳዳ የተሞላ፣ በመካከላቸው ባለ ሹል ጫፍ ገመዶች። ሳቀች። ቀኑን ሙሉ እንጀራዋ ይኸው አይደል? ስዊችቦርዷ ፊቱ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ሥራዋም ገመድ ካንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እየሰካች ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው።

«ይህን ሳጥን ብቻውን ነው የምታናግረው» አለችው ዐብዲኑርን፤ «የሚያናግረው ሰው አላገናኘህለትም።»

እዚህ ላይ ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ ማብራራት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሲገባችሁ እናንተም እንደ ብርቄ ትወዱታላችሁ። በሳጥኑ ፊት ስምንት ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ የሚዞር ቁልፍ አለ። መጀመሪያ አንደኛው መብራት ይበራል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ስምንተኛው ጋ ሲደርስ ተመልሶ ከአንደኛው ይጀምራል። መብራቱ የበራለት ቁልፍ ተራው ደርሷል ማለት ነው። ተራው ሲደርስ በገመዱ የሚልከው ድምፅ አይደለም፤ ለዚህ ነው ዐብዲኑር ምንም ያልሰማው። የሚልከው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ቧንቧ ብዙ ሲከፈት ውሃው በኃይል፣ ትንሽ ሲከፈት በቀስታ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ቁልፉም ብዙ ሲዞር ብዙ፣ ትንሽ ሲዞር ትንሽ ይልካል። በገመዱ ጫፍ ያለችው ትንሿ ኦርጋን ደግሞ ብዙ ሲደርሳት ቀጭን፣ ትንሽ ሲደርሳት ወፍራም ድምፅ ታወጣለች። እንግዲህ ስምንቱን ቁልፎች እንደፈለጉት ካስተካከሉ፣ ስምንት ድምፅ ያለው ዜማ ማንም ሳይነካው እየዞረ ይጫወታል። ፈረንጆች ሲኩዌንሰር ይሉታል። ብርቄ ግን መናኸሪያ ሰዉን እንደሚያሰልፈው ሰው «ተራ አስከባሪው» አለችው።

ስምንት ወፍራም ድምፅ፣ እየዞረ፣ ማንም ሳይነካው። የአምሀ ግራ እጅ የሚሠራው ይህንኑ አልነበረም?

ብርቄ ዕቃዎቹን ከዐብዲኑር ወስዳ ቤት ስታስገባ አምሀ መጀመሪያ አኮረፈ። «በእጄ ፋንታ ቁም ሳጥን ልታመጪልኝ ነው?» አለ። ብርቄ ቁልፎቹን ታዞር ጀመር። ሆን ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ሦስተኛውን ድምፅ አበላሸችው። አምሀ ጋዜጣውን አስቀመጠ።

«ሦስተኛው ከፍ ብሏል።»

«የቱ?»

«ሦስተኛው! አይሰማሽም? ዝቅ፣ ዝቅ... በዛ! መልሺው!»

በዚያ ምሽት ስምንቱም ቁልፎች በአምሀ ጆሮ ተስተካከሉ። በማግስቱ ከሰዓት ሁሉም ተዛብተው ተገኙ፤ ሳጥኑ በመስኮቱ ፀሐይ ሞቆ ነበርና። ይህ ዓይነት ዕቃ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይንሸራተታል። ብርቄ ሳጥኑን ወደ ጥላ አዛወረችው፤ አስቀድማ አብርታ በራሱ ሙቀት እስኪረጋ መጠበቅም ተማረች። ከዚያ አምሀ አንሶላውን ከኦርጋኑ ላይ ገፈፈ። ተራ አስከባሪው ቤዙን ሲያዞር ቀኝ እጁ ዜማውን ከላይ ጣለበት። ጎረቤት በር ከፍቶ አዳመጠ።

«መሬት አለው?» አለች ብርቄ።

«አለው» አለ አምሀ፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሠርጉ በፊት ሆዶ ግቢ ለልምምድ ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ቆሙ፣ ሆዶ እጃቸውን አነሡ፣ ጭብጨባው ተጀመረ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም አማረ። ነገር ግን ዳንቶ በአንድ ፍጥነት የሚሄድ ጭፈራ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ሰው ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ሆዶ ደስ ሲላቸው ይገፉታል፣ ደስ ሲላቸው ይይዙታል። ሳጥኑ ይህን ሁሉ ከየት ይወቅ? ሴቶቹ ፈጠኑ፤ ቤዙ መንገድ ላይ እንደቆመ አህያ ባለበት ቀረ። ብርቄ ተሯሩጣ የፍጥነቱን ቁልፍ አዞረች፤ አሁን ደግሞ ቤዙ ቀደማቸው። መልሳ ስታዞር እነሱ ሌላ ቦታ ደርሰዋል። እሷ የምታዞረው ከሰማች በኋላ ነውና ሁልጊዜ ወይ ትዘገያለች ወይ ታልፋለች።

ሆዶ እጃቸውን አወረዱ።

«መዓሊን፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰው ማነው?»

«ሰው የለም፣ ሀቦ» አለ አምሀ። ሀቦ አክስቴ እንደማለት ነው።

«አውቄያለሁ እንደሌለ። ሰው ቢሆን ይሰማን ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። አምሀ ግን እጁን ከኦርጋኑ አነሣ። ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ለድሬዳዋው ሰውዬ ንገሪው፣ መጥቶ ይውሰደው።»

ብርቄ አልነገረችውም። በማግስቱ ስዊችቦርዷ ፊት ተቀምጣ ሳለ አንዲት ትንሽ የብረት ክዳን ቀጭ ብላ ወደቀች። የዚያ ዘመን ስልክ እንዲህ ነበር፤ ደንበኛው ቤቱ ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያሽከረክር፣ በሽቦው የሚመጣው ኤሌክትሪክ የሱን ክዳን ኦፕሬተሯ ፊት ይጥላል። ብርቄ ገመዱን አንሥታ ልትሰካ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። እሷ እኮ ማን መቼ ሊያወራ እንደፈለገ ገምታ አታውቅም። ደዋዩ ራሱ ነው የሚጠራት። ታዲያ የሆዶን ፍጥነት ለምን ትገምታለች? ሆዶ ራሳቸው ይደውሉ!

«ሃሎ! ሃሎ! ብርቄ፣ ተኛሽ እንዴ?» አለ ዐብዲኑር በመስመሩ፣ ገመዱን ስትሰካለት።

«ዐብዲኑር፣ የባትሪ ድንጋይ አለህ?»

«ስንት ካርቶን?»

«አራት ፍሬ!»

ሳጥኑ ጀርባ ላይ ምን እንደሆነ ያልገባት አንድ ቀዳዳ ነበር። ሳጥኑ በራሱ ሲሄድ በውስጡ ያለ አንድ ነገር እንደ ልብ እየመታ መብራቱን ወደ ቀጣዩ ቁልፍ ይገፋዋል። በዚያ ቀዳዳ ገመድ ሲሰካ ግን የውስጡ ልብ ዝም ይላል፤ ከውጭ አንዲት የኤሌክትሪክ ምት በመጣች ቁጥር ብቻ መብራቱ አንድ ደረጃ ይሄዳል። ብርቄ ይህንን የእጅ ባትሪ ድንጋዮቹን ቀዳዳው ላይ እየነካካች አረጋገጠች። ከዚያ ሁለት ጣውላ በስፖንጅ ለያይታ፣ በመካከላቸው ሁለት የናስ ቁራጭ አድርጋ በሽቦ ከባትሪ ድንጋዮቹና ከቀዳዳው ጋር አገናኘቻቸው። ሲረገጥ ናሶቹ ይነካካሉ፣ ሲለቀቅ ይለያያሉ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሲረገጥ ሁለት ይዘል ነበር፤ ናሱ ቆሻሻ ይዞ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። በአሸዋ ወረቀት ስትፈትገው ተስተካከለ።

ሠርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣውላውን ሆዶ እግር ሥር አስቀመጠችው። ሆዶ ሲያጨበጭቡ ቀኝ እግራቸው አብሮ መሬት ይመታል፤ ይህን ከልምምዱ ቀን ጀምሮ አስተውላለች።

«ኤሌክትሪክ ሊይዘኝ ነው?»

«የእጅ ባትሪ ነው፣ ሀቦ። እንደ ልማድዎ ይርገጡ።»

አንዴ ረገጡ። የትንሿ ኦርጋን ድምፅ የሚወጣበት ስፒከር ዱም አለ። ዞር ብለው ስፒከሩን አዩት። ደግመው ረገጡ፤ ዱም። እግራቸውን አየር ላይ አቆዩት፤ ዝም። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ረገጡ፤ ዱም።

«ሀዬ!» አሉ ሆዶ፣ ፊታቸው በርቶ። «አሁን ጆሮ አበቀለ!»

ዳንቶው ተነሣ። ሆዶ ሲገፉ ቤዙ ይገፋል፣ ሲይዙ ይይዛል፤ የአምሀ ቀኝ እጅም ተከተላቸው። ሴትዮዋ ደግሞ ተንኮለኛ ናቸው፤ ጭፈራው ጦፎ ሳለ እግራቸውን ድንገት ያነሡና አምሀን ብቻውን አንጠልጥለው ያዩታል። አምሀ ሳቀ። እየሳቀ ሲጫወት ብርቄ ካየችው ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሻይ በወተትና ሀልዋ ቀረበ። ሴቶቹ ተቀመጡ፤ ሆዶም ከጣውላው ወርደው ብርጭቋቸውን ተቀበሉ። ቤዙ ቆመ። አምሀ ግን አልቆመም። ዓይኑን ጨፍኖ በቀኝ እጁ አንድ ቀስ ያለ ዜማ ይዞ ሄዷል። ብርቄ ተራ አስከባሪውን በራሱ ልብ እንዲሄድ ለማድረግ ወደ ገመዱ እጇን ዘረጋች። ነቅላ ብታወጣው ቤዙ ይመለሳል። ቀና ስትል ሰዉን አየች። ሻይ የያዘው ሁሉ ብርጭቆውን አፉ ጋ ሳያደርስ ያዳምጣል። እጇን መለሰች።

«ሳጥኑ ሞተ እንዴ?» አለ ዐብዲኑር ከወዲያ።

«ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ ዝም በል!» አሉት ሆዶ።

አምሀ ሲጨርስ ግቢው በእልልታ ተሞላ። ዓይኑን ገልጦ ጣውላውን አየ፣ ባዶ ነው። ሆዶን አየ፣ ሀልዋ ይበላሉ።

«ቤዙ ቆሞ ነበር?» አላት ብርቄን።

«ቆሞ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሀቦ ሻይ ከጀመሩ።»

አምሀ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ትንሽ ተመለከተው፤ ከዚያ ሻዩን አነሣ።

ሰኞ ጠዋት ብርቄ ስዊችቦርዷ ፊት እንደተቀመጠች የመጀመሪያውን ጥሪ ለራሷ አደረገችው። «ሃሎ ድሬ» አለች፤ መስመር እስኪገኝ ጠበቀች፤ ገዢው ሲቀርብላትም በዚያ የጅጅጋ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ፣ ኦርጋኑ እንደማይሸጥ፣ ባለቤቱ እየተጫወተበት እንደሆነ ነገረችው።