የመረጥኩላት ማዳመጫ

አዲስ የራዲያተር ጎማ ከማሸጊያው ሳወጣ የሚሸተኝ ሽታ ሥራዬን ያስጥለኛል። ሌላው መካኒክ ልብ አይለውም። እኔ ግን ከዚያ ሽታ ጋር አንዲት የአዳማ ሱቅ፣ ከቀትር በኋላ በመስታወቱ የሚገባ ነጭ ፀሐይ፣ ከጎኔ የቆመች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄም ይመጡብኛል። ትናንትም እንዲሁ ሆነ። ጎማውን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጬ፣ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ።

ልጄ ያኔ የነርስነት ትምህርት ከጀመረች ጥቂት ወራት ሆኗት ነበር። ሆስፒታል ገብተው በሽተኛ እያዩ መማር ሊጀምሩ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የልብ ማዳመጫ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። እሷና ከደራ የመጣች የክፍል ጓደኛዋ አብረው ሊገዙ ተቀጣጥረዋል። እኔ ሰማሁና "አብሬያችሁ እሄዳለሁ" አልኩ። ጓደኛዋ ፊቷን ስታዞር አይቻለሁ።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ሙያዬን የለመድኩት ወንጂ፣ የአገዳ ትራክተር ሥር ተኝቼ ነው፤ ንባቤንም ያሻሻልኩት ዘይት በጠገበ የመለዋወጫ መጽሐፍ ላይ ነው። ማንም አላስተማረኝም። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቱ ግን ቀስ በቀስ ሌላ መልክ ያዘ። እኔ ያልመረመርኩት ዕቃ ቤቴ አይገባም፣ እኔ ያልወሰንኩት ነገር ቤቴ አይደረግም። ማዳመጥንማ ከማንም በላይ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ሞተር ውስጥ የተበላ ኩሽኔታ ሲኖር፣ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የትኛው እንደ ሆነ እለያለሁ። ታዲያ ማዳመጫ ለመምረጥ ከእኔ የተሻለ ማን አለ?

ባለሱቁ የወሎ ሰው ነበር፤ ከንፈሩ ላይ ሳቅ የማይጠፋ። ልጄ ወዲያው አንድ ሰማያዊ፣ ቀለል ያለ፣ ባለ አንድ ቱቦ ማዳመጫ አነሳች። ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጓደኛዋ ደረት ላይ አሳረፈችውና ፊቷ በራ።

"ይሰማል! እንዴት እንደሚመታ!"

"ርቦኝ ነው" አለች ጓደኛዋ።

ተቀብያት መዳፌ ላይ መዘንኩት። "ይሄ መጫወቻ ነው" አልኩ። ከመደርደሪያው ጥግ ጥቁር፣ አዲስ ጎማ የሚሸት፣ ባለ ሁለት ቱቦ፣ ክብ ብረቱ እጅን ወደ ታች የሚጎትት ሌላ አወረድኩ። ለእኔ ክብደት ማለት ጥራት ነበር።

"ወላሂ ጋሼ፣ የከበደ ሁሉ ጥሩ አይደለም" አለ ባለሱቁ። "ተማሪዎቹ የሚወስዱት ያንን ነው። ለጆሮም ይመቻቸዋል።"

"አንተ ሽጥ እንጂ አታስተምረኝ።"

ጓደኛዋ በሹክሹክታ፣ ግን እንድሰማ አድርጋ፣ "ይሄን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከገባች አልጋ የሚፈለገው ለእሷ ነው" አለች። ባለሱቁ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ልጄ አልሳቀችም። ሰማያዊውን፣ ቱቦው እንዳይጣመም አስተካክላ፣ ወደ ቦታው መለሰችው።

"እርስዎ ካሉ ጥሩ ነው፣ አባባ።"

እኔ የሰማሁት "ጥሩ ነው" የሚለውን ብቻ ነው።

በቤታችን አዲስ ዕቃ ሳይፈታ ሥራ አይጀምርም። ሬዲዮም ይሁን የስፌት መኪና፣ እኔ ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ሳልገጥመው ማንም አይነካውም። የዚያን ዕለት ማታም በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ማዳመጫውን ፈታሁት። ደረት ላይ የሚያርፈው ክብ ብረት በሁለት ወገኑ እንዲያገለግል አንገቱ ላይ ይዞራል። ሲዞር ትንሽ ይይዛል፣ ሲጢጥ ይላል። በእኔ ሙያ የሚዞር ብረት ያለ ግሪስ ዕድሜ የለውም። በክብሪት እንጨት ጫፍ ግሪስ ቀባሁት፤ ለስላሳ ሆነ።

ልጄ ቆማ ታየኛለች። "አባባ፣ ግሪስ ይደረግበታል እንዴ?"

"ብረት አይደለም?" አልኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እራት ላይ "አባባ፣ ማዳመጫው ድምፅ ያፍናል። የጓደኛዬን ሳደርግ ግን ይሰማኛል" አለች። እጄ ላይ የነበረውን ጉርሻ መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። "ዕቃው ጤነኛ ነው፤ በእጄ ነው የገጠምኩት። በዕቃ አታሳብቢ፣ ጆሮሽን አሠልጥኚ" አልኳት። "እሺ አባባ" አለች። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። እኔም ጆሮዋ ሠለጠነ ብዬ ደስ አለኝ።

የፈተናውን ቀን ነገር የሰማሁት ቆይቶ ከጓደኛዋ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጄ የምትሠራው በጓደኛዋ ማዳመጫ ነበር። ያን ቀን ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተጠሩ፤ እያንዳንዱም በራሱ መሣሪያ ተባለ። ለልጄ የደረሷት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ደም ግፊታቸውን እንድትለካ። የክንዱን መጠቅለያ ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ ደግማ ነፋች። አሮጊቷ "ቀስ በይ ልጄ፣ የትም አልሄድም" ይሏታል። ላቧ መሬት ይንጠባጠባል።

"ስንት ነው?" አላት ፈታኙ መምህር።

እንዲህ ሲቸግረው አንድ የሚመስል ቁጥር የሚጠራ ተማሪ ሞልቷል። እኔ ግን ልጄን ያላየሽውን አየሁ፣ ያልሰማሽውን ሰማሁ እንዳትይ እያልኩ ነው ያሳደግኳት።

"አልሰማሁም" አለች።

"መሣሪያው ነው ወይስ አንቺ?"

"መሣሪያውን አባቴ ነው የመረጠልኝ። እኔ ነኝ።"

ወደቀች። የሆስፒታሉን ልምምድ ከመጀመሪያው እንድትደግም ተነገራት። እኔ ደግሞ "ሰነፍ አላስደግምም" አልኩ። እናቷ ለመነችኝ፤ ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ ለመነችኝ። ልጄ ግን አልለመነችኝም። ነጭ ጋወኗን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ከማዳመጫው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። በወሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ዕቃ አስተላላፊ ዘንድ የኮንቴይነር ቁጥር መዝጋቢ ሆና ገባች። ማታ ማታ ቅንድቧ በአቧራ ነጥቶ ትመለስ ነበር። ሥራ ክቡር ነው እላት ነበር፤ አሁንም እላለሁ። እንዲህ የምላት ግን እሷን ሳይሆን ራሴን ለማጽናናት ነበር።

ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ አይሱዙ ጋራዥ ገባ። ጩኸቱ የሚመጣው ካቻቢቴ ከማይደርስበት ጠባብ ቦታ ነው። ማዳመጫው ትዝ አለኝና ከቁም ሣጥኑ አመጣሁት። ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ብረቱን ሞተሩ ላይ ለጠፍኩ። መሬቱ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባው ግን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ያህል ነው። ፈታሁት። በክብሪት እንጨት የቀባሁት ግሪስ ሲዞር ሲዞር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሰሊጥ የምታህለውን የድምፅ መግቢያ ደፍኗታል። አቧራ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ደርቋል። በመርፌ ጠርጌ፣ በቤንዚን አጥቤ መልሼ አዳመጥኩ። ድምፁ ከመጥራቱ የተነሣ ደንግጬ ከጆሮዬ ነቀልኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ልጄን አልነበረም። ያየኝ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ዙሪያዬን ነው የቃኘሁት። መርፌዋን ጣልኩ፣ ማዳመጫውን ወደ ቦታው መለስኩ። አራት ወር ሙሉ ዝም አልኩ። በየማዕዱ ስለ እውነት ሲናገር የኖረ ሰው፣ ተራው ሲደርሰው አራት ወር ፈጀበት።

በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ በረንዳው ላይ ፀጉሯን ስታበጥር አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነበር" አልኳት። ግሪሱን ነገርኳት። ማበጠሯን አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለች። "ግሪስ መሆኑን ባላውቅም፣ ጆሮዬ ደህና እንደ ሆነ አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?"

"ነግሬዎት ነበር እኮ፣ አባባ። አንድ ጊዜ።"

ወደ ትምህርቱ እንድትመለስ ለመንኳት። በሕይወቴ ሰው የለመንኩት ያኔ ነው። "አሁን አልፏል" አለችኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ ለእንግዳ እንደሚመለስ መልስ ነው። ተነሥታ ለነገ የሚለበስ ልብሷን ልታዘጋጅ ገባች።

አሁን ሞጆ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። ሥራው እንዴት ነው፣ ጤናሽስ፣ የከፋሽ ነገር አለ ወይ እላታለሁ። መልሷን እየጠበቅኩ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ፤ ከወዲያ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማኛል።

"ደህና ነኝ አባባ፣ ሁሉም ደህና ነው" ትለኛለች።

ከዚያ በላይ አትነግረኝም።