የሼህ ይመር ካሴት

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ በር ላይ ቆሜ ሳለ አሮጌ ቴፕ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሁለት ቁልፍ አብሮ ሲጫን የሚወጣው ድምፅ ነው፣ የመቅጃው።  ትልቅ ሴትዮ ሆኜም ያስደነግጠኛል።

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ምናሴ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤታችን ነበሩ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ኮሌጅ ታሪክ ያስተምራሉ፤ አላገቡም፤ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ቤታቸው ውስጥ ያለው አንድ የሽቦ አልጋና ግድግዳውን የሞላ የጫማ ካርቶን ነው፤ ካርቶኑ ሁሉ የወሎ ሽማግሌዎች ቃል የተጻፈበት ወረቀት። ካነጋገሯቸው ሰዎች አንዱ ሲሞት፣ ክርስቲያን ከሆነ ክርስትና ስሙን ለቄስ ይሰጣሉ። ሙስሊም ከሆነ አባቴ ዘንድ ይመጡና «ዱዓ ላይ እንዳይረሱብኝ» ይላሉ። አባቴ፣ እኚህ ሰውዬ ሬሳ ሲያከፋፍሉ ሊኖሩ ነው እያለ ይስቅባቸዋል፤ ግን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም።

ቴፓቸው ስለተበላሸ ካሴት የሚያዳምጡት እኛ ቤት ነበር። ከመጻፋቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው ያማትባሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ታሪክ ጸሐፊ የማለ ምስክር ነው፣ ዘሀራ» አሉኝ። «በሐሰት አትመስክር የተባለው ለእኔ ነው።»

ያን ሰሞን ያመጡት የኮምቦልቻውን የሼህ ይመርን ካሴት ነው። ሼሁ በልጅነታቸው የአገራቸው ሙስሊሞች ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ድንጋይ ሲያመላልሱ ያዩ ሰው ናቸው፤ ከሞቱ ሁለት ወራቸው ነበር። ጋሽ ምናሴ ቃላቸውን «የመጽሐፌ ልብ» ይሉታል። ማንም እንዳይቀዳበት የካሴቷን የጀርባ ፕላስቲክ ሰብረው ነበር። አመሻሹ ላይ ለጸሎት ሲወጡ ቴፑ ውስጥ ትተዋት ሄዱ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመቷ ቅብጥብጥ፣ የተሰበረውን በማስቲካ ወረቀት ወትፌ ቀዳሁበት። ዘፈንኩ፣ ዜና አነበብኩ፣ በራሴ ሳቅሁ። ሳላውቅ ነው አልልም፤ ሳያውቅ ቀዳዳ የሚወትፍ የለም። ስጨርስ ወረቀቷን ነቅዬ ዋጥኳት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ካሴቷን እኛ ቤት አዳምጠው ኖሮ፣ ይዘዋት ደጃችን ላይ ቆመዋል።

«ነክተሻታል?»

«ወላሂ አልነካሁም።»

 ካሴቷን ኪሳቸው ከተው ሄዱ፤ ዳግመኛም አላነሱትም።

አባቴ፣ በቃልዎ ያስታውሱት የለም ወይ፣ ዝም ብለው ይጻፉት እንጂ ብሎ ለመናቸው። ጋሽ ምናሴ እምቢ አሉ። ያስታወሱት የሰሙትን ይሁን የተመኙትን በምን ያውቃሉ? መጽሐፉ ሲወጣ የሼህ ይመር ምዕራፍ አልነበረበትም። ሰው ሁሉ አደነቀላቸው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ገልጬ ልጨርሰው አልቻልኩም።

ሲሞቱ እኅታቸው ካርቶኑን ሲያደራጁ ስሜን አይተው ካሴቷን አመጡልኝ። ሽፋኗ ላይ በደቃቅ ጽሕፈታቸው፣ ለሽማግሌዎቹ ሁሉ እንደሚያደርጉት መዝግበውኛል፦ «ተናጋሪ፦ ዘሀራ። ዕድሜ፦ 11። ቦታ፦ ቧንቧ ውሃ።» ከሥሩ ደግሞ፣ «እውነተኛ ቃሏን እስክትሰጥ ይቆይ።»

ዱዓ ላይ ስማቸውን ረስቼ አላውቅም። ወላሂ ካልኳቸው ቀን ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ አሥራ አራት ዓመት ጎረቤት ሆነን ኖረናል። ከበራችን እስከ በራቸው አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።