ኖር ባልኩ ቁጥር ጁፒተር ይጠፋል

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። እዚያ ትልቁም ትንሹም «አንተ» እና «አንቺ» ነው፤ ሰላምታውም መንገድ ላይ ተወርውሮ የሚታለፍ አንድ ቃል ነው። ለማስተማር እንጅባራ የመጣሁ ሰሞን አከራዬን፣ ያውም ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ «እንዴት ነሽ?» ብያቸው የግቢው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ስክስ እኖራለሁ። እሳቸው ብቅ ሲሉ የያዝኩትን ጥዬ ብድግ እላለሁ። «ኖር!» እላለሁ። «በእግዚአብሔር!» ይሉኛል። ከዚያ ሰላምታው ይጀመራል። ይህ ጨዋነቴ ፎቶ እንደሚያበላሽ ማን ነግሮኝ?

ነገሩን የጀመረው ወንድሜ ነው። አዲስ አበባ ካለ ሰው አሮጌ ቴሌስኮፕና ካሜራ ገዝቶ ላከልኝ። ካሜራውን ከላፕቶፑ ጋር ባገናኘው ሁሉ ነገር ግራጫ ሆነብኝ፤ ደወልኩለት።

«የተበላሸ ነው የላክልኝ።»

«አልተበላሸም እቱ፤ ቀለም አያይም እንጂ። ባለቀለሙ ካሜራ እያንዳንዷ ነጥብ ላይ አንድ ቀለም ብቻ አይቶ የቀረውን ይገምታል። ያንቺ ግን በየነጥቡ የመጣለትን ብርሃን ሁሉ ይቀበላል፤ ለዚህ ነው ጥርት የሚለው። ቀለሙን የምትሰጪው አንቺ ነሽ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«በቀዩ ማጣሪያ አንዴ፣ በአረንጓዴው አንዴ፣ በሰማያዊው አንዴ ታነሺና ሦስቱን ኮምፒውተር ላይ አንድ ታደርጊያቸዋለሽ። ቀላል ነው።»

ቀላል ነው! ይህችን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳላመጥኳት።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አከራዬ ደጄ ላይ ቆሙ። ከማርያም ማኅበራችን ሴቶች አንዷ፣ ምላሷ የሰላ ባለሱቅ፣ ነገር ነግራቸዋለች።

«ልጄ፣ ኮከብ ትቆጥራለች እያሉሽ ነው።»

«እማማ፣ እኔ ፎቶ ነው የማነሣው። ኮከብ ቆጠራ ኃጢአት መሆኑን አላውቅም ብለው ነው?»

«እስቲ ፎቶውን አሳዪኝ።»

ግራጫውን አሳየኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ እንደገና አስጠግተው ተመለከቱት።

«ይኼማ የጠፋ ከሰል ነው። ሌላው ሰው የማያየውን አያለሁ የሚል ጠንቋይ ነው፣ ልጄ። የዚህ ወር የማኅበሩ ተራ ያንቺ ነው አይደል? እንግዲህ ሰዎቹ በተሰበሰቡበት ይለይለት። ካልሆነ ወይ ቱቦሽን ወይ ቤቴን ምረጪ።»

ሌላ ቤትስ አላጣም ነበር። ግን «ኮከብ ስትቆጥር ከግቢ የወጣች» የሚል ስም ተሸክሜ በዚህች ከተማ ከየትኛው ማኅበር ጽዋ እጠጣለሁ? ዘመድ በሌለኝ አገር ዘመዶቼ እነሱ ናቸው። ቱቦውን ደብቄ ዝም ብል ደግሞ ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው። ስለዚህ ከማኅበሩ ቀን በፊት አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ በትክክለኛ ቀለሙ የሚያሳይ ፎቶ ያስፈልገኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ጁፒተር ፀሐይ እንደገባች ከአናታችን በላይ ነው። ሰማዩ ግን እንደ ነፋሱ ነው። በዙሪያችን ገበሬው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ጭሱ ወደኛ የዞረ ዕለት ጁፒተር ወንዝ ውስጥ እንደወደቀ ጠጠር ሲርገበገብ ያመሻል። ጭሱ ሲለቀኝ ብርዱ ይይዘኛል፤ ቆላ ላደገች ሴት ያ ብርድ ራሱን የቻለ ንስሐ ነው።

ቀዩን ማጣሪያ እገጥማለሁ፣ ፎከሱን አስተካክላለሁ፣ ካሜራው አጭር ቪዲዮ ይቀዳል፤ ኮምፒውተሩ በኋላ ከዚያ ውስጥ ጥሩ ጥሩውን ምስል መርጦ ይደራርበዋል። ቀዩን ፈትቼ አረንጓዴውን እገጥማለሁ። ፎከሱ ተዛብቷል፤ እንደገና አስተካክላለሁ። ይህ ሁሉ በችኮላ ነው፤ ምክንያቱም ጁፒተር ያን ያህል ገላ ይዞ እንደ እንዝርት ነው የሚሾረው። ጥቂት ከዘገየሁ በቀዩ ያነሣሁት የፊቱ ነቁጥ በሰማያዊው ጊዜ ቦታውን ለቅቆ ይጠብቀኛል።

እና ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ አረንጓዴው ላይ ስደርስ የግቢው በር ሲጥ ይላል።

«ኖር!» ብድግ እላለሁ። እግሬ የቴሌስኮፑን እግር ይመታል። ጁፒተር ከስክሪኑ ይጠፋል።

«በእግዚአብሔር! እንዴት አመሸሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት አመሹ?»

«ይመስገን። እናት አባት ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ይመስገን።»

«ከብቱስ?»

«ከብት የለንም እማማ፤ ድሬዳዋ ከተማ ነው።»

«ውይ፣ እሱስ ነግረሽኛል። ዝናቡስ?»

«ዝናብም የለም።»

«ምስኪን! ታዲያ ምን አላችሁ?»

ተቀይመውኛል፤ ቤታቸውን ሊያስለቅቁኝ ነው፤ ግን ቅሬታ ሌላ፣ ሰላምታ ሌላ። አንድም ጥያቄ አይዘሉም። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ቀና እያልኩ አንድም መልስ አልዘልም። ጨርሰው ሲገቡ ጁፒተርን ፈልጌ እስካገኘው ዞሯል። ሦስቱን ሳዋሕድ ቀዩ ወዲህ፣ ሰማያዊው ወዲያ፤ ሦስት ሰዎች አንድ ነጠላ የሚጓተቱ ይመስላል። አንድ ቀንማ ሦስቱም ፋይሎች ግራጫ ስለሆኑ ቀዩን ከሰማያዊው አምታትቼ ሰማያዊ ጁፒተር ሠራሁ። ለወንድሜ ብልክለት ደውሎ «ጎጃም ሲደርስ በረደው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

አከራዬም ማጣሪያዎቹን አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ አዩአቸው።

«ሰማያዊው ምን ይሠራል? አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው እንጂ።»

«ቢጫው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲገናኙ ይመጣል፣ እማማ።»

«ደብቀሽው ነዋ!»

ምን ልበላቸው? «ሲመጡ አልነሣልዎም» ልበል? «ሰላም አይበሉኝ» ልበል? አንዴ «አንቺ» ብዬ ያጠፋሁትን ዓመት ሙሉ ክሼ፣ አሁን ለአንድ ፕላኔት ብዬ እንደገና ባለጌ ልሁን?

የማኅበሩ ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ውኃ ልቀዳ ስወጣ አከራዬ በረንዳቸው ላይ ወደ ምሥራቅ ዞረው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ አገኘኋቸው። እንደ ደንቡ ድምፄን አጥፍቼ በጎናቸው አለፍኩ። እሳቸውም ቀና አላሉም። ባልዲውን ይዤ መሀል ግቢ ቆምኩ። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ሰላም አይባልም፤ እሱም ሰላም አይልም! ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስንት ምሽት ያቃጠልኩት ታዲያ ምን ሆኜ ነው?

በማግሥቱ ገና ማጣሪያዎቹን ሳላወጣ ሄጄ ለመንኳቸው።

«እማማ፣ ዛሬ የማታ ጸሎትዎን እዚህ ከእኔ አጠገብ ቢያደርሱልኝ?»

«ከዚህ ቱቦ ጋር?»

«መጥፎ ነገር ከሆነ ጸሎትዎ ያባርረዋል። ካልሆነም በዓይንዎ ያዩታል።»

ቱቦውን ዞሩት። አማተቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው በስተጎኑ ቆሙና ጀመሩ። እኔም ቆሜያለሁ፤ የምነሣለት ሰው የለም። ቀዩን ቀዳሁ፤ አረንጓዴውን ቀዳሁ። በሩ ሲጥ አላለም። ጭሱም በእመቤታችን ቸርነት ወደ ሌላ ዞሯል። ሰማያዊውን ስጨርስ እሳቸው ገና እየደገሙ ነበር።

ጸሎታቸውን ፈጽመው ሲመጡ ስክሪኑ ላይ ጁፒተር ቁጭ ብሏል፤ ክሬም መልክ፣ በቡናማ መቀነት የታጠቀ፣ ከጎኑ ቀላ ያለ ነቁጥ ያለበት። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ይኼ መቀነቱ ምንድን ነው?»

«ደመና ነው፣ እማማ።»

«እዚያም ይደምናል?»

«ሁልጊዜ።»

«እንደኛው ነዋ፣ ምስኪን።»

የማኅበሩ ዕለት ዳቦውን ቄሱ ከባረኩት በኋላ ላፕቶፑን ከፈትኩት። የማስረዳውን ከአባታችን ሆይ በላይ አጥንቼዋለሁ። ባለሱቋ አንገቷን አስግጋ ቀደመችኝ።

«ይኼ የተላጠ ድንች አይደለም?»

«ያውም በሽታ የመታው!» አለች ሌላዋ ቀዩን ነቁጥ እያሳየች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቄሱም ሳቁ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

አከራዬ ኩባያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ አጠገቡ ቆሜ ውዳሴ ማርያም ደግሜያለሁ። የሰይጣን ነገር ቢሆን ያን ሰምቶ ይቆም ነበር? ልጅቷ ከግቢዬ የትም አትሄድም።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ቄሱ። ነገሩ እዚያው አለቀ። ወሬው ወደ ድንች ዘር ዞረ፤ ላፕቶፔን ማን እንደዘጋው እንጃ፣ ዞር ስል የዳቦ መሶብ ተቀምጦበታል። ከዚያ ሁሉ ብርድና ጭስ በኋላ ፎቶውን ልብ ብሎ ያየው አልነበረም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቴም ማኅበሬም ተረፉልኝ። በማግሥቱ ምሽት ያለ ጭንቀት፣ ለራሴ ደስታ ብቻ ላነሣ ወጣሁ። ቀዩን ጨርሼ አረንጓዴውን ስገጥም በሩ ሲጥ አለ። አከራዬ ናቸው። ከኋላቸው ባለሱቋ፣ ከእሷ ኋላ የማኅበሩ አሮጊቶች በሙሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው።

«እዚህ ቱቦ አጠገብ ጸሎት ይሰምራል ብዬ ነግሬያቸው ነው» አሉ አከራዬ።

«ኖር!» አልኩ። እግሬም የለመደውን አደረገ።