አንዱ አንቴና

የትናየት በደባርቅ ከተማ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ተወልዳ ያደገችው ግን ሳንቃ በር ከሚባለው ተራራማ ቦታ ወረድ ብሎ፣ ገደል ሥር ባለ መንደር ነው። ገበሬው ከቤቱ ሳይወጣ የጤና ጣቢያ ነርሶችን በስልክ የሚያማክርበት አገልግሎት ሲጀመር፣ ኔትወርኩን ከከተማ ተቀብሎ ወደ ሸለቆ የሚያወርደው አንቴና የት እንደሚተከል እንድታጠና ተላከች።

ሸንተረሩ ላይ ወጥታ ለካች። በአንድ በኩል የወላጆቿ መንደር አለ፤ በሌላው በኩል ማዶ ያለው ሰፊ ቀበሌ። የተፈቀደው አንድ አንቴና ብቻ ነው፤ ወደ አንዱ ሲዞር ለሌላው ጀርባውን ይሰጣል። ማዶ ሕዝቡ ይበዛል። ወደ ማዶ አዞረችው።

አባቷ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። «እኛስ?» ብለው ጠየቋት።

«ሌላ ይመጣል ተብሏል፣ አባባ።»

«እንግዲህ እንጠብቃለና» አሉ።

ሁለተኛው አንቴና አልመጣም። ነሐሴ ላይ ለጥገና ሸንተረሩ ላይ ሳለች፣ ወንድሟ ገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ።

«አባባ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ምን እንደምናደርግ ጠፋን።»

ደባርቅ ላለው አለቃዋ ደወለች። «ለትንሽ ጊዜ ወደ እኛ ላዙረው።»

«የማዶ ሰው ቢደውልስ? አይሆንም» አላት።

ስልኩን ዘጋችበት። ብሎኑን ፈታች፤ ገዱ ምሰሶውን ያዘላት፤ አዞሩት። ወደ ቤት ስትደውል እናቷ ወይዘሮ ሸጊቱ አነሱ። የጤና ጣቢያውን ነርስ ኢክላስንም መስመሩ ላይ አስገባቻት።

«ቀና አድርገው ያስቀምጧቸው እንጂ አያስተኟቸው» አለች ኢክላስ። «አምቡላንስ ልኬያለሁ፤ በቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ ያውጧቸው።»

ከኋላ ሲር ሲር የሚል የአባቷ ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

ጎረቤቶች ተሸክመዋቸው መነሳታቸውን ስትሰማ አንቴናውን ወደ ማዶ መለሰችው። ከዚያ ከገዱ ጋር እየወደቀች እየተነሳች ቁልቁል ወረደች። ስትደርስ ሰዎቹ ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው ቆመዋል። አንደኛው የአባቷን ፊት በጋቢ ይሸፍን ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ማዶ ሄደች። አንቴናውን ባዞረችበት ዕለት ደውሎ ያልገባለት ሰው እንዳለ ቤት ለቤት ትጠይቅ ጀመር።

«ስልኩማ ምን ጊዜም ይቆራረጣል፣ ልጄ» አሏት አንዲት አሮጊት። «የትኛው ቀን እንደነበረ በምን እናውቃለን?»

የትናየት አመስግና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።