የታችኛው ጉድጓድ

የተሰደደ ሰው ሁሉ ከቤቱ የወጣበትን ሌሊት ሲያወራ እሰማለሁ፤ ውሻው እንዴት እንደጮኸ፣ ጨረቃዋ እንዴት እንደነበረች። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ቅቤ ይዤ ነው። ሚሌኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነበር። እናቴን “ሞጣ የሺ ዘንድ አድሬ ልምጣ” አልኳት። የሺ ታላቅ እህቴ ናት፣ ሞጣ አግብታ ነው የምትኖረው። የእናቴ ጠላ ቤት በገበያተኛ ተሞልቶ ነበርና ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ “እንግዲያማ ይችን ቅቤ አድርስልኝ፣ መኪናው ውስጥ ፀሐይ እንዳያገኛት” አለችኝ። ከእናቴ ጋር የተለያየነው በዚህ ቃል ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ድረስ ቅቤውን በጉልበቴ መሀል ይዤ፣ ጥላ ወዳለበት ወንበር እየተቀያየርኩ ሄድኩ። ማታ ለየሺ እውነቱን ስነግራት አለቀሰች፣ በሶ ቋጠረችልኝ፣ በማግስቱ የባሕር ዳር ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝ።

ለምን ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። አልተራብኩም፣ ማንም አላሳደደኝም። ወረዳ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ የምገለብጥ፣ ማኅተም ያለበትን መሳቢያ የምቆልፍ። ሰው ልሁን ብዬ ነው የወጣሁት። በመተማ፣ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ ከዚያ በባሕር። ስለ በረሃውና ስለ ጀልባዋ ከእኔ የተሻለ የሚያወጋችሁ ሞልቷል። እኔ የማፍርበትን ልንገራችሁ፤ ጀልባዋ ላይ ሰው ሁሉ ሲጸልይ እኔ የማስበው ስመለስ ቢቸና መናኸሪያ ላይ ምን ዓይነት ሱፍ ለብሼ እንደምወርድ ነበር።

ማረፊያዬ ስዊድን ሆነ። ክረምታቸው እኛ ክረምት የምንለው ዓይነት አይደለም፤ ዝናብና ጭቃ ቢሆን ለምጄዋለሁ። ፀሐይዋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራዋን ጨርሳ ትገባለች። ዓሣን በስኳር ዘፍዝፈው ይበሉታል። ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ሊያገኘኝ ሲል በሩን መልሶ ዘግቶ እኔ እስካልፍ ይጠብቃል። መጀመሪያ የጠላኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ለካ ጨዋነቱ ነው።

የሥራ ቢሮዋ ሴትዮ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

“ምን ሥራ ትችላለህ?”

“ጸሐፊ ነኝ።”

“በስዊድንኛ ትጽፋለህ?”

“ገና ነኝ።”

“እንግዲያው ጸሐፊ አይደለህም” አለችና አንድ ነገር ሰረዘች። “ጥልቅ ቦታ ትፈራለህ?”

“እኔ የዓባይ በረሃ አጠገብ ያደግኩ ሰው ነኝ” አልኳት፤ ኩራቴ አልበረደም ነበር።

“ሽታስ ይረብሽሃል?”

“የምን ሽታ?”

“በጠቅላላው።”

በጠቅላላው ሽታ የሚረብሸው ሰው ይኖራል እንዴ ብዬ “አይረብሸኝም” አልኩ። በሳምንቱ የደረሰኝ ወረቀት ላይ ያለውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳየው ቁጭ አልኩ። የፍሳሽ ቱቦ ጠራጊ ሆኛለሁ።

መኪናዋን ስፑልቢል ይሏታል። ጀርባዋ ላይ የውሃ በርሜል፣ ፓምፕና እንደ ገመድ የተጠቀለለ ረጅም ጎማ አለ። የጎማው ጫፍ ወደ ኋላ በሚተፉ ቀዳዳዎች የተበሳ ብረት ነው፤ ውሃው በኃይል ወደ ኋላ ሲተፋ ጎማው በራሱ ቱቦው ውስጥ ሽቅብ እየሮጠ ይገባል፣ መልሰህ ስትስበው ያገኘውን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ ይመጣል። አሠሪዬ ዮራን የሚባል ወፍራም ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን ክዳኑን ከፍቶ ጉድጓዱን እያሳየኝ “እዚህ ውስጥ ሰው አይገባም” አለኝ። “ከላይ በደረትህ ተኝተህ በእጅህ ትልከዋለህ። ሁልጊዜ ከታችኛው ጉድጓድ ነው የምንጀምረው፤ ከላይ ከገፋኸው ይጠቀጠቅብሃል። ሲከፈት ደግሞ ያለው ሁሉ ወዳንተ ነው የሚመጣ፣ ስለዚህ ፈቀቅ በል፣ አፍህንም ዝጋ።” አባቱም ይኼንኑ ይሠራ ነበር። ቢሮው ግድግዳ ላይ አባትዬው ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ጎማ ትከሻው ላይ ጥሎ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። እኛ አገር የአርበኛ ፎቶ በሚሰቀልበት ቦታ ነው።

ቤት ስፈልግ ጉኒላ የምትባል አሮጊት በር ላይ አቁማ መረመረችኝ። ታጨሳለህ፣ ሙዚቃ ታስጮኻለህ፣ ጓደኛ ታመጣለህ። ሥራህስ ስትለኝ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት። ሴትዮዋ ፊቷ በራ። “አቭሎፕ?” አለች፤ ፍሳሽ ማለቷ ነው። እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝ፣ የዕቃ ማጠቢያዋ ተደፍኖ ኖሯል። ከፈትኩላት። ቁልፉን ሰጥታኝ ኬክ ጋገረችልኝ፣ ለጎረቤቶቿም “የኔ ተከራይ ቱቦ ነው የሚጠርግ” እያለች አወራች። ለሐበሻ እንዳትነግሪ ብዬ ብለምናት ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ጊዜ ታጥቤ፣ ሽቶ ነስንሼ ነበር እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ “ውሃ መሥሪያ ቤት ገባሁ” አልኳት። “ምን ሆነህ?” ስትለኝ “የመሐንዲስ ሥራ ነገር ነው” አልኩ። በሁለተኛው ወር ቢቸና ሁሉ ኢንጂነር ይለኝ ጀመር። አላረምኩም።

ለምን አላረምክም ለሚለኝ ስለ ደምሌ መንገር አለብኝ። ደምሌ የሞጣ ሰው ነው። የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ሲሞላ ቢቸና ድረስ እየተጠራ የሚጠርግ እሱ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ታጥቦ እናቴ ጠላ ቤት ይመጣል፣ ግን ከደጅ ነው የሚቀመጥ። የራሱ ጣሳ ነበረችው፤ ከውጭ ከግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥላ ሌላ ሰው አይነካትም። ጠላውን የምቀዳለት እኔ ነበርኩ። ማድጋው ጣሳውን እንዳይነካ ከፍ አድርጌ ነበር የማንቆረቁረው፣ ጠብታው ልብሱ ላይ ሲፈናጠር “ተባረክ ልጄ” ይለኛል። ትልቅ ሰው ነበር፤ አንተ ነበር የምንለው። ይኼን ያደረገ ሰው ምን ብሎ ለእናቱ እኔም ደምሌን ሆንኩ ይላል?

ፓስፖርቱን ካገኘሁ በኋላ ለአገሬ በቃሁ። ሱፉንም ለበስኩት። የየሺ ባል አበጀ ሞጣ ላይ ባለ ፎቅ ሆቴል ሠርቶ፣ ምረቃውን እኔ እስክመጣ አቆይቶት ኖሯል። ለእሑድ ቄሱም ሼሁም፣ የከተማው ነጋዴ ሁሉ ተጠርቷል። ቅዳሜ ጠዋት ፍሳሹ ወደ ኋላ መጣና በወጥ ቤቱ ወለል ፈሰሰ።

አበጀ ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። “እግዜር ነው ያመጣህ ይርጋ። ይሄው ያንተ ነገር።”

የላይኛውንና የታችኛውን ጉድጓድ ክዳን አስከፍቼ አየሁ። አንድ አፍታ አልፈጀብኝም። ለድግሱ የተነጠረው ቅቤ፣ የታጠበው ድስት፣ የበሬው ጮማ፤ ሁሉም ቱቦው ውስጥ ረግቷል። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ “መስመሩ መጠናት አለበት” አልኩ። አስተናጋጆቹ አንገታቸውን ነቀነቁ።

አበጀ ግን ጥናት የሚጠብቅ ሰው አይደለም፣ ደምሌን አስጠራው። ደምሌ ሸምግሏል፣ ጺሙ ነጭ ሆኗል። ረጅም ፌሮ ብረት ይዞ መጣ። ሲያየኝ ቆቡን አወለቀ።

“የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ አይደለህም? እግዜር ያክብርህ። እናትህ ደግ ሴት ናት።”

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ደምሌ ከላይኛው ጉድጓድ በብረቱ ይወጋ ጀመር። በወጋ ቁጥር ጮማው እየተጠቀጠቀ ይሄዳል፤ ድምፁን ሰምቼ አውቀዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ችዬ ቆየሁ። በመጨረሻ አልቻልኩምና “ከላይ አይሆንም፣ ከታች ነው። ከላቫጆ ቤት የመኪና ማጠቢያውን ፓምፕ አምጡ” አልኩ። ፓምፑ ከመናኸሪያው አጠገብ በጋሪ መጣ። አበጀ “አያችሁት?” እያለ በሰዉ መሀል ይዞራል።

ደምሌ የፓምፑን ጎማ ተቀበለ። ኮቱን አውልቆ አጣጠፈና ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ታችኛው ጉድጓድ ገባ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር። ውጣ ማለት ነበረብኝ። ግን ውጣ ካልኩት ጎማው ከላይ እንዴት እንደሚላክ ማሳየት አለብኝ፤ ያን የሚያውቅ እዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ለማሳየት ደግሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቴ መተኛት፣ ክንዴን እስከ ብብቴ ማስገባት ነበረብኝ። በሱፌ፣ በአበጀ ፊት፣ በአስተናጋጆቹ ፊት። አንዴ ጎማውን ከያዝኩት እጄ ያጋልጠኝ ነበር፤ መሐንዲስ እንደዚያ አድርጎ ጎማ አይዝም። ሰዓቴን አየሁ።

ፓምፑ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ቱቦው ዝም አለ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ተንቆረቆረ። ሊከፈት መሆኑን አወቅኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ አፌንም ዘጋሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ወደ ኋላ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሆቴሉ በሙሉ ያጠራቀመው በአንድ ጊዜ መጣ። ደምሌን ከሲሚንቶው ጋር አጋጨው፣ ጉድጓዱም እስከ አንገቱ ሞላ፣ ለጥቂት ጊዜ ራሱም አልታየንም። ሁለት አስተናጋጆች በገመድ ጎትተው አወጡት። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደም ከቆሻሻው ጋር ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ግቢው መሀል አቁመው በዚያው በላቫጆው ፓምፕ፣ እንደ መኪና፣ አጠቡት። ከዚያ አጨበጨቡ። ለእኔ ነው ያጨበጨቡት። ፍሳሹ ይሄዳል፣ ወጥ ቤቱ ደርቋል። አበጀ ትከሻዬን እየመታ “ኢንጂነር ማለት ይኸ ነው” አለ።

እሑድ ከቄሱ አጠገብ አስቀመጡኝ። መረቁኝ፣ አጎረሱኝ። ደምሌ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ጓሮ ተቀምጦ ነበር፤ ምግቡን በፕላስቲክ ሳህን ሰጥተው “ሳህኑን ይዘኸው ሂድ” ሲሉት በመስኮቱ ሰማሁ። ሄጄ እንኳ አልጠየቅኩትም። በሳምንቱ ወደ ስዊድን ተመለስኩ።

ከሁለት ወር በኋላ የሺ በስልክ የቤቱን ሁሉ ወሬ ስትነግረኝ በመሀል “ያ ደምሌ ዓይኑ ጠፋ አሉ፣ ሥራም ትቷል” አለችኝና ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። ሥራ ላይ ክዳን በከፈትኩ ቁጥር ያ ቅንድብ ይታየኝ ጀመር። ዮራን ቀልቤ ከእሱ ጋር አለመሆኑን አይቶ ቡና ላይ “ቤትህ ሰው ታሟል?” ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። እሱን እንኳ በትክክል አልነገርኩትም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለየሺ ደውዬ ስልኩን ለደምሌ እንድትወስድለት ለመንኳት። “ለማን?” አለች ሦስት ጊዜ። ወሰደችለት።

“አያ ደምሌ፣ እንዴት ነዎት?”

“እኔን ነው?” አለ።

“እርስዎን ነው። ይርጋ ነኝ።”

“ደህና ነኝ ልጄ፣ ይመስገነው። አንዱ ዓይን ይበቃል፣ ብዙ የሚታይ ነገርም የለ።”

“ስለዚያ ቀን ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት።”

“ምን በድለህ?” የእውነት ነው የገረመው። “አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ወረቀቱን ታውቃለህ። ጉድጓድ ውስጥ ያለውን በምን ታውቀዋለህ? እኔ አንድ ቀን እንኳ አልተቀየምኩህም። ለየሺም ነግሬያታለሁ፣ ጠይቃት።”

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ይቅር ብሎኛል፣ ያውም ጥፋቴን ሳልነግረው። ግን በዚያ ይቅርታ ውስጥ ሌላ ሰው ነው ያለው፤ እኔ የለሁበትም።

“አያ ደምሌ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም” አልኩ። “ሥራዬ የእርስዎ ሥራ ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ የምሠራው ይኼንኑ ነው፤ የተደፈነ ቱቦ በውሃ መክፈት።”

የሺ ከጎኑ ሆና “ምን አለህ? ምን አለህ?” ስትለው ይሰማኛል። አልመለሰላትም።

“ከታችኛው ጉድጓድ?” አለኝ።

“ከታችኛው ጉድጓድ።”

“ሲከፈት ወደ ሰው እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር ሊገባው ፈልጎ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

“ታዲያ ልጄ፣” አለኝ፣ “ምነው ውጣ ብትለኝ?”