አባቴ ራሱን ሊሰጥ የሄደ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አሥራ አንደኛ ክፍሎችን ስለ ሴል አስተምሬ ስወጣ አንዲት ተማሪ በር ላይ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ቲቸር፣ ጭንቅላቱን ለተጎዳ ሰው ሴል ይተክሉለታል ይላል። እውነት ነው?» አለችኝ። ገና እየተሞከረ ነው፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ መጠነኛ ተስፋ ታይቷል፣ ሶዶ መጥተሽ የምታገኚው ሕክምና ግን አይደለም አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። እኔ ስታፍ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደወል ሲደወልም መነሣት አቃተኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት የሃያ ሁለት ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ ሰው ግማሹን ያወቀውን ነገር ሙሉ አድርጎ ያወራል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የባስኩ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ተበላ ከምትባለው ከተማ ገበያ በሞተር ሲመለስ ከመንገድ ወጥቶ ጭንቅላቱን ተመታ። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ዓይኑ ይከፈታል፣ አያየንም፤ አጥሚት በማንኪያ ሲሰጡት ይውጣል፣ ሌላ ነገር የለም። ሆስፒታል ከርሞ ወደ ቤት መለሱልን። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች አጥሚቱን የሚያበላው አባቴ ነበር። ጠዋት ዳሞታ ተራራ ላይ ጉሙ ሳይገለጥ ጀምሮ፣ የእያንዳንዷን ማንኪያ ሙቀት በከንፈሩ እየለካ፣ «በል ማቴዎስ፣ አንዴ ብቻ» ይለው ነበር። ያንን ድምፅ መስማት አልችልም ነበር። መጽሐፌን ይዤ ከቤት እሸሻለሁ።

የምሸሸው ወደ ኢንተርኔት ቤት ነበር። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ጠጥቶ መጨረስ በሚቻልበት በዚያ ዘመን፣ ጭንቅላታቸው በተጎዳ አይጦች ላይ ሴል ተተክሎ እንደተሻላቸው አነበብኩ። ከሶዶ እስከ ሰፈራችን ያለውን ጭቃ በሩጫ ጨረስኩት። አባቴን ጓሮ እንሰት ሲኮተኩት አገኘሁትና ሴል የሚባለውን ነገር በወላይትኛ ላስረዳው ብሞክር ቃል አጣሁ።

«እንሰት ስታባዛ ሥሩን፣ አሚቾውን ቆፍረህ ታወጣ የለ?» አልኩት። «ልቡን ቆርጠህ ትጥልና አሚቾውን ከፍግ ጋር ትቀብረዋለህ፤ ከአንዱ ሥር ስንት ችግኝ ይወጣል! ያንን ወስደህ ባዶ ቦታ ላይ ትተክላለህ። ይህም እንደዚያው ነው። ከጤነኛ ሰው ወስደው ለማቴዎስ ይተክሉለታል።»

ስለ አይጦቹ አልነገርኩትም። ደስታውን ላለማቀዝቀዝ ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የራሴን ደስታ ላለማቀዝቀዝ ነው።

መኮትኮቻውን አስቀመጠ። «ዘመድ ቢሆን ይሻላል?»

«ይሻላል መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። በድንበር ለዓመታት ከተኳረፈው ጎረቤቱ ጋር ታረቀ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያስቀየመው ሰው ካለ ይቅርታ ጠየቀ። የጓሮውን ድንበር ከጫፍ እስከ ጫፍ እያስዞረ አሳየኝ። ተስፋ አግኝቶ ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ። ሆስፒታል በምንሄድበት ጠዋት ማቴዎስን አጥቦ ጺሙን ላጨው፤ ግንባሩን ይዞ ረጅም ጸሎት ጸለየ። ለእኔ ከእንሰት የሚሠራውን ሙችዋ በቅቤ ከዳጣ ጋር አቀረበልኝ። እሱ አልቀመሰም። «ብላ፣ እያየሁህ ብላ» አለኝ። እኔም በልቼ ጠገብኩ። ጎረቤታችን ማቴዎስን እንዲጠብቅልን አደራ ብለን ወጣን።

ዶክተሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነበር፤ ወላይትኛ አይሰማም። አባቴ ደግሞ አማርኛው ከገበያ አያልፍም። መሀል ላይ እኔ ተቀመጥኩ።

አባቴ የክት ኮቱን ቆልፎ በወላይትኛ እንዲህ አለ፦ «ንገረው። ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ። መሬቱን ለአንተ ለጴጥሮስ ሰጥቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። የሚቆርጡኝ ዛሬ ከሆነም ዛሬ ይሁን።»

ችግኝ የሚወጣባት እናት እንሰት ተቆርጣ እንደምትቀር፣ ዳግም እንደማትነሣ፣ ወላይታ ውስጥ ጓሮ ያለው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። አባቴ የተረዳው ልክ እንደነገርኩት ነው። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰናበተን ነበር።

«ምን አሉ?» አለ ዶክተሩ።

«ለወንድሜ ሴል ይተከልለት እንደሆነ ይጠይቃል» አልኩ።

ዶክተሩ አባቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ያለ ሕክምና የለም። ውጭ አገርም ገና በአይጥ ላይ እየሞከሩት ነው። እንዳይቆስል አገላብጡት፣ እጅ እግሩን አንቀሳቅሱለት። መሻሉን ግን እጠራጠራለሁ። አባባ እውነቱን ይወቁ፣ ንገራቸው።»

አባቴ ዓይን ዓይኔን ያያል። የለም ብዬ ብነግረው ያንን ተስፋ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በአይጥ ላይ ነው ብዬ ብነግረው ደግሞ መደበቄ ይታወቃል። ፈራሁ።

«ከሽማግሌ አይወስዱም፤ ዕድሜህ ገፍቷል ይላል» አልኩት።

ያኔ አየኝ። ትከሻዬን፣ ደረቴን፣ ሙችዋ የጠገበውን ሰውነቴን ቀስ ብሎ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰና ተነሣ። «ተባረክ፣ ዶክተር» አለ በአማርኛ።

ዝናቡ እየወረደብን በእግር ተመለስን። መንገዱ እውነቱን ለመናገር ይበቃ ነበር። «አባ» ብዬ እጀምርና «ጭቃው ያዳልጣል፣ ተጠንቀቅ» ብዬ እጨርሳለሁ።

ማቴዎስ በቆሎው ሳይደርስ አረፈ። በቀብሩ ላይ ልነግረው ነበር፤ አልነገርኩትም። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም፤ ይልቅ ከበፊቱ የበለጠ ይመርቀኝ ጀመር። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደ ጊዜ ሕፃኑን ታቅፎ፣ እኔን ሳያይ፣ «ያን ቀን ዶክተሩ ፊት ልለምንህ ነበር» አለ። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በኋላ አንዱ እንኳ ይትረፍልኝ ብዬ ተውኩት። እንቢ ብለሃል አልልህም፤ እኔም አልጠየቅኩህ።»

ልጁን ተቀብዬው ወጣሁ። ያን ጊዜም አልነገርኩትም።

አሁን እሱም ዳሞታ ሥር ካረፈ ቆየ። ሴል ምን እንደሆነ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ መምህራችን ግልጽ አድርጎ ያስረዳል ይላሉ። አባቴ የሞተው፣ ወንድሜን ላድነው እችል እንደነበር፣ ለነፍሴ ሳስቼ እንደተውኩት እያመነ ነው። እያመነም ይወደኝ ነበር። ቢጠላኝ ኖሮ እንደምንም እችለው ነበር።